ከሮቶው ሥር የቀረው እንግጫ

ሰኔ 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዶሃ

የድርቆሹ መኪና ዛሬም አልመጣም። ጎረቤት አገሮች ተኳርፈው ድንበሩን ከዘጉ አራተኛ ቀናቸው ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ራት ይቀራል፤ እነዚህ ሲኳረፉ የአምስት ፈረስ ቀለብ ቀረ። ከተማ ውስጥ ሰው ሱፐርማርኬት ወርሮ ወተቱን ጠራርጎ ገዛ አሉ። ይህን የነገረችን አበራሽ ናት፤ አል ዱሃይል፣ አሠሪያችን ባባ ቤት ነው የምትሠራው። ማዳም ፍሪጁን በወተት ሞልታዋለች፤ ልጆቹ አድገው ከቤት ስለወጡ የሚጠጣው የለም።

ከሰዓት በኋላ ባባ መጣ። የፈረሶቹ መዝረዓ፣ ማለትም እርሻው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ዱኻን መንገድ ላይ ስለሆነ ከዓርብ በቀር እምብዛም አይመጣም። ሜዳውን ዞሮ ዞሮ አየና "ከእንግዲህ የሚያበላቸው ይሄ ነው" አለ። ይሄ ያለው የኳስ ሜዳ የሚያህል፣ በጉድጓድ ውኃ የምናጠጣው ሣር ነው። ሣር የምለው ለአፍ እንዲመች እንጂ ግማሹ እንግጫ ነው። ፈረሶቹ ሮደስ የሚባለውን ደህናውን ሣር እየመረጡ ይግጡና እንግጫው ዘንድ ሲደርሱ፣ ሹም ደሃ ዘመዱን እንደሚያልፈው፣ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል።

"ፈድሉ፣ ይሄን አጽዳ። ሜዳው ሲጸዳ ትሄዳለህ" አለኝ።

የምሄደው አገሬ ነው። ፈቃዴ ለሐምሌ ነበር። እዚህ አሠሪ ኸሩጅ ካልፈረመ፣ ማለትም መውጫ ፈቃድ ካልሰጠ፣ አውሮፕላኑን ከታች ሆኖ ማየት ይቻላል። ከመጣሁ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ስመጣ ባለቤቴ ራቢያ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጄን ሐናንን ከስልክ ላይ በቀር አይቻት አላውቅም።

"ሣር አይደል? ሁለት ሳምንት" አልኩት መኮንንን። መኮንን የባባ መኪና ሹፌር ነው፤ የጎጃም ሰው፤ አንድ ክፍል ነው የምናድረው። "ለአንተ ሁለት ሳምንት፣ ለእኔ አንድ" አለ። ሁለታችንም የገበሬ ልጆች ነን፤ ሣር ሊያሸንፈን አይችልም።

ሰኔ 4

ነቀልኩ። ጀርባዬ። እጄ ተላጠ። እኔ ረመዳን፣ መኮንን የሐዋርያት ጾም፤ ሁለት የተራቡ ሰዎች ለጠገበ ፈረስ ግጦሽ ያሳምራሉ። ሦስት ጆንያ ሞላ።

ሰኔ 7

እሁድ የነቀልኩበት ቦታ ላይ ዛሬ ጠዋት ብቅ ብሎ ጠበቀኝ። አረንጓዴ፣ ሹል፣ ደስተኛ። እንዲህ የሚናፍቀኝ ሰው ቢኖረኝ ምናለ።

ሰኔ 9፣ ዓርብ

ካፈጠርኩ በኋላ ለራቢያ በኢሞ ደወልኩ። አገሬ ሐርቡ ላይ ኔትወርክ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ ዛሬ ደስ ብሎታል። ራቢያ ስልኩን ለሐናን ሰጠቻት። ሐናን ፊቴን አየች፣ ስልኩን መደብ ላይ በጀርባው አስተኛችውና ሄደች። ጥቂት ደቂቃ የቤቴን ጣሪያ ስመለከት ቆየሁ። ደህና ቆርቆሮ ነው፤ እኔ ነኝ ያስገዛሁት። ከዚያ ከሩቅ "አባ! አባ!" ስትል ሰማሁና ልቤ ዘለለ።

ሰዳምን ነው። ሰዳም ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖረው። ትከሻው ላይ ያወጣታል፣ ገበያ ይወስዳታል፣ ስትታመም ጤና ጣቢያ ያደርሳታል። አባት የሚባለው ሥራ ይኸው ነው መሰለኝ፤ እኔ የቆርቆሮ ክፍሉን ነው የያዝኩት።

"አትቀየም፣ ልጅ ናት" አለች ራቢያ።

"ማን ተቀየመ? እንዲያውም ከሥራ አሳረፈኝ" አልኳት። አልሳቀችም።

"ሐምሌ ላይ ትመጣለህ አይደል?"

ስለ ሜዳው ነገርኳት። ሳይጸዳ አትሄድም ተብያለሁ አልኳት። እውነት ነው፤ ተብያለሁ። "ሣር ነው የያዘህ?" አለች። እንዴት እንደጠየቀችኝ አልወደድኩትም። እንግጫን የማያውቅ ሰው ሣር ነው ይላል።

ሰኔ 13

ዛሬ የሁለት ክፍለ ሀገር ጉባኤ ተቀመጠ። ጎጃም በመኮንን፣ ወሎ በእኔ ተወከለ። መኮንን "የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ እየተመላለሰ ይታረሳል፤ አረም የሚሞተው በእርሻ ነው። መንቀል የአትክልተኛ ሥራ ነው" አለ። እኔም አባቴ እንዲሁ ሲያደርግ ነው ያደግኩት፤ "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ብዬ ደገፍኩት። ጎጃምና ወሎ በአንድ ነገር ሲስማሙ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከጎረቤት መዝረዓ በእጅ የሚገፋ ትራክተር ተዋስን። ገመስነው፣ ደገምነው፣ ሠለስነው። መኮንን በሞተሩ ድምፅ ላይ በሬ እንደሚነዳ እያፏጨ ነበር። አፈሩ እንደ ዱቄት ላመ። ባለፈው ሳምንት ያለቀሰብኝን ወገቤን ረስቼ፣ ሜዳው ዳር ቆሜ እንደ ባለርስት ተንጎራደድኩ።

ሰኔ 18

ዒድ። ሰገድኩ። የሜዳውን ፎቶ ለራቢያ ላክሁላት፤ እንደ ተላጨ ራስ ጠርቷል። "እና አለቀ አይደል? አልሐምዱሊላህ" ብላ ጻፈች።

"ገና ነው" አልኳት። ለምን ገና እንዳልኩ እንጃ። ጥንቃቄ ነው።

ሰኔ 26

ለጥንቃቄዬ ምስክር ተገኘ። ሜዳው በሙሉ እንግጫ ሆነ። ፊት ግማሽ ነበር፤ አሁን ግማሽ የለም። አንድ በነበረበት ዐሥር ቆሟል፣ ያውም በመስመር፣ ትራክተሩ በሄደበት መስመር።

ባባ ከዘር መሸጫ ሱቅ አንድ ኢንጂነር ይዞ መጣ። መነጽሩን አውልቆ ቆፈረና አወጣልን። ከሥሩ እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ተሰካክቶ ጥቁር ፍሬ ተንዠርግጓል። አንዱ ፍሬ ሲቆረጥ ራሱን ችሎ ይበቅላል አለ፤ ያውም ተቆርጦ ሲበተንለት ይወዳል። ኢንጂነሩ ወደ ትራክተሩ አየና "ማን ነው ያረሰው?" ሲል ጠየቀ። መኮንን ድንገት መኪና ሊያጥብ ሄደ።

አላረስነውም፤ ዘርተነዋል። ባባ ግን አልተቆጣም። "ኸይር ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መርዝ ይረጭ ሲባል ባባ ለፈረሶቹ ፈርቶ እምቢ አለ። ኢንጂነሩ እንግዲያው ጥቁር ፕላስቲክ አልብሱት፤ ብርሃን ሲያጣ ይሞታል አለ። እሱ ሣር አያውቅም ብዬ አልከራከርም፤ እኛም እናውቃለን ብለን ነበር።

ሐምሌ 2

ጥቁር ፕላስቲክ አለበስነው። ከሩቅ ሲታይ ሜዳው ሐዘን ተቀምጧል።

ሐምሌ 6

ላሞች በአውሮፕላን መጡ ተባለ። ወተት እንዳይጠፋ ከባሕር ማዶ ተሳፍረው፣ መቀመጫ ሳይጎድላቸው። ኸሩጃቸውን ማን እንደፈረመ አልተነገረም። መኮንን ቪዲዮውን በስልኩ አሳየኝ፤ አንዷ ላም ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ዙሪያዋን የምታየው አየር መንገዱን እንደታዘበች ወይዘሮ ነው። ለራቢያ ነገርኳት። "ላም ትሳፈራለች፣ አንተ ትቀራለህ" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

ሐምሌ 9

እንግጫው ፕላስቲኩን ወጋው። በመርፌ እንደ ወጉት ወግቶ ወጣና ጫፉን ነፋስ አስመታ። ለኢንጂነሩ ደወልንለት፤ ስልኩ አይነሳም።

ሐምሌ 12

ባባ ጠዋት መጣ። አሮጊቷን ባዝራ ሸምሳን አንገቷን እየዳሰሰ፣ እኔን ሳያይ፣ "ፈድሉ፣ ወርህ ደርሷል። ከፈለግክ ሂድ። ሜዳውን መኮንን ያየዋል። ኸሩጁን ነገ እፈርማለሁ" አለኝ።

"መኮንን ሹፌር ነው ባባ። የጀመርኩትን ልጨርስና እሄዳለሁ" አልኩት።

ዘወር ብሎ አየኝ። "ልጅህ እንዴት ናት?" አለኝ።

"ደህና ናት። ፕላስቲኩ ግን ተበሳ" አልኩና የተበሳበትን አሳየሁት።

"ኢንሻአላህ" አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

መኮንን ከመኪናው ማዶ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። "አንተ ሰው፣ ኸሩጅ ሲሰጡህ እምቢ አልክ?"

"እምቢ አላልኩም። ጊዜውን ነው የገፋሁት።"

"እኔ ብሆን ፈረሱን ጋልቤ በባሕር ላይ በሄድኩ።"

መኮንን ያላገባ ሰው ነው፤ ኃላፊነት አይገባውም። ሥራ ጀምሬ አላቋርጥም። ሸምሳ ከእኔ በቀር ኮቴዋን አታስነካም። ሐምሌ ደግሞ አገር ቤት ጭቃ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ መኪናው ቢይዝ ማን ይገፋል? ባባም ቢሆን በይሉኝታ ነው እንጂ ከልቡ አይደለም። ይህን ሁሉ ሳስብ እንደ ዋልኩ አሁን ገባኝ፤ አንድ ምክንያት በቂ በሆነ ነበር።

ማታ ራቢያ ጠየቀችኝ። ሜዳው ሳይጸዳ አትሄድም ብሎኛል አልኳት። ውሸት አይደለም። ብሎኛል፣ ሰኔ ላይ።

ሐምሌ 16

አዲስ ሐሳብ የመጣው ከባባ ነው። ጥቁሩን አንሱ፣ መሬቱን አጠጡ፣ የግሪንሃውስ ነጭ ፕላስቲክ፣ ያ ብርሃን የሚያሳልፈውን አልብሱት፣ ጠርዙን በአፈር ቅበሩት አለ። "የኳታር ፀሐይ በነጻ ነው፤ ትሥራ እንጂ" አለ። ስንት ክረምት እኛን ስትቀቅል ኖራ ዛሬ ሥራ ተሰጣት።

ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ ተከልክሏል። ፈረሶቹ ኤሲ ውስጥ ናቸው። እኛ ክፍላችን ውስጥ ነን። ውጭ የቀረው እንግጫው ብቻ ነው። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ፍትሕ አላየሁም።

ሐምሌ 24

በፕላስቲኩ ውስጥ ውኃው ያልበዋል። እጄን ከታች አስገብቼ አፈሩን ብነካው አቃጠለኝ። ሐናን ዛሬ ስልኩን ትንሽ ቆይታ ያዘችው። "ይሄ ሰውዬ ለምን ያየኛል?" ብላ እናቷን ጠየቀች። ሰውዬው ሌላ የሚያየው ስለሌለ ነው።

ነሐሴ 8

ጠርዙን ገልጬ ቆፈርኩ። ፍሬዎቹ እንደ ተቆላ ሽንብራ ተኮማትረዋል። አንዱን በጣቴ ብጨምቀው ተፈረፈረ። ሁለተኛውም። አካፋውን ይዤ ወዲያ ማዶ ሄድኩ፣ መሃል ቆፈርኩ፣ ጥግ ቆፈርኩ። ሞቷል።

መኮንን እልል አለ፤ ወንድ ልጅ ሲለው የማያምር እልልታ። "ተገላገልክ! አሁን ሻንጣህን ግዛ" አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አካፋውን መልሼ አንሥቼ አንድ እንኳ በሕይወት ያለ ፈለግኩ። ለማረጋገጥ ነው።

ነሐሴ 15

ከውኃው ሮቶ ሥር፣ በአጥሩ ጥግ፣ አንድ ቁራጭ መሬት ፕላስቲክ አልደረሰውም። ሮቶው ያንጠባጥባል፤ እንግጫው እዚያ ጉልበት ድረስ አድጓል፣ ወዛም፣ ለምለም። መኮንን ዛሬ ልብ አለው።

"መጋዘን ውስጥ አንድ ጥቅል ፕላስቲክ አለ እኮ።"

"ይኼ ለዕንቁጣጣሽ ነው። ቀጤማ ይሆናል። አበራሽ ጠይቃኛለች።"

"ጠላትህን ለዘር ታስቀራለህ እንዴ?" አለኝ።

ሰው ለዓመት በዓል የሚጎዘጎዝ ለምለም ነገር በአገሩ ሜዳ ሙሉ አለው፤ እዚህ አሸዋ ላይ አንድ እቅፍ ቢገኝ ምን ነውር አለው? መኮንንም ቢሆን ከዓመት ዓመት ጣውላ ወለል ላይ ነው በዓሉን የሚውለው። አፉን ዘጋሁት። ከዚያ ለአበራሽ ደውዬ ለበዓል ቀጤማ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። "እንዴ፣ ከየት ይገኛል?" አለች።

ነሐሴ 26

ዒድ አል አድሃ። ባባ ሥጋ ላከልን። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አንስተን አዲስ የሮደስ ዘር ዘራን። ሜዳው ንጹሕ ነው። ለራቢያ ስለ ሥጋው ነገርኳት።

መስከረም 1 ቀን 2010

መኮንን ከሮቶው ሥር ካጨድነው አንዱን እቅፍ ክፍላችን ውስጥ ጎዘጎዘ፤ ሌላውን ለአበራሽ አደረሰላት። ጓደኞቹ ከአል ዋዓብ መጡ፣ ሁሉም ጥበቃዎች ናቸው። በሩን ከፍተው ሲገቡ ወለሉን አዩ። አንዱ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ረገጠው። ከእንግጫው ጋር ሦስት ወር ስሰዳደብ ከርሜ፣ እንዲህ በአክብሮት ሲረገጥ ሳይ ሳቄ መጣ። አስቂኙ ነገር ሽታው ነው። ስነቅለው፣ ሳርሰው፣ ስቀቅለው አንድ ቀንም አልሸተተኝም። ዛሬ ተጎዝጉዞ ሐርቡን ሐርቡን ሸተተኝና ወደ ፈረሶቹ ወጣሁ።

መስከረም 3

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ማዳም ወደ አበራሽ ክፍል ገብታ ወለሉ ላይ ሣር ብታገኝ አትክልተኛው ያራገፈው መስሏት ጩኸት ሆነ። ባባ ሊያበርድ ገባ። አንድ ዘለላ አነሳ። ሦስት ወር ሙሉ ያየውን ነገር እንዴት ይሳሳተዋል? ከአል ዱሃይል ተነስቶ በቀጥታ መጣ። ሜዳውን አቋርጦ ሮቶው ዘንድ ሄደና ቆመ። ተከትዬው ቆምኩ።

"ይሄን ለምን ተውከው?"

"ለዓመት በዓል ነው ባባ።"

"የማን በዓል?"

"የእነ አበራሽ። የእነ መኮንን።"

"አንተ ሙስሊም ነህ።"

ወሎ ውስጥ በዓል የጋራ ነው፤ የጎረቤት በዓል የራስ ነው ልለው ፈለግኩ። ሦስት ዓመት የተማርኩት አረብኛ ግን የጋጥና የገለባ አረብኛ ነው። "አገሬ፣ ሁሉም ሰው፣ ሁሉም ዒድ" አልኩ። ሕፃን የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ባባ አልሳቀም። "ስለ ልጅህ ጠየቅሁህ። አንተ ስለ ሣር ነገርከኝ" አለ። መቁጠሪያውን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። "ኸላስ። ኸሩጁን ዛሬ እፈርማለሁ። ኦክቶበር ሃያ ትሄዳለህ፣ ሁለት ወር ተቀምጠህ ትመለሳለህ። ሜዳው የትም አይሄድም።"

"ሹክረን ባባ" አልኩ። ሸምሳ ሳትጠማ ውኃ ላጠጣት ሄድኩ። ሙቀቱ ነው፤ መስከረምም እዚህ ያው ነው።

መስከረም 4

ለራቢያ አልደወልኩም። ኔትወርክ የለም። ከእኔ በኩል ማለቴ ነው።

መስከረም 11

አሁንም አልነገርኳትም። በድንገት ልድረስባቸው ብዬ ነው። በድንገት መድረስ ጥሩ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የሐርቡ ሰው ከሳዑዲ በድንገት ደረሰ፤ የገዛ ልጁ "ሌባ" ብሎ ጮኸ ተብሎ ወሬው ዶሃ ድረስ መጣ። እኔም ስቄ ነበር።

መስከረም 17

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ጠዋት ሜዳው ላይ ከሮቶው ጀምሮ እስከ መሃል ድረስ ሹል ሹል ነገር አየሁ። ውኃው ከሮቶው ሥር እየፈሰሰ ወደ አዲሱ ሮደስ ሲገባ፣ እንግጫው በአፈር ውስጥ አብሮት ተጉዟል። ያስቀረሁት ቁራጭ ሜዳውን መልሶ ሊይዝ ነው። ተንበርክኬ አንዱን ስቤ አየሁት። ከሥሩ ያ ጥቁር ፍሬ አለ። እና ምን ተሰማኝ? ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደልኝ። ሰው ሦስት ወር የለፋበት ሲበላሽ የሚስቅ ከሆነ ወይ ፀሐይ መትቶታል ወይ ሌላ ነገር አለ። ፀሐይ ነው አልኩ።

አመሻሹ ላይ ለራቢያ ደወልኩ። ድምፄ ደስታ እንዳለበት ለራሴም ተሰማኝ።

"ራቢያ፣ ጉድ ሆነ። እንግጫው ተመለሰ።"

"አሃ።"

"ሜዳው እንደገና ሊጸዳ ነው። እንግዲህ ቢያንስ እስከ ጥር..."

"ፈድሉ" አለች።

"እሺ።"

"ዓምና ኤሲያችሁ ሲበላሽ ባባን ሦስት ቀን ሙሉ ሰደብከው። ካቻምና ዓርብ ቢያሠራህ እኔን ጆሮዬን እስኪያመኝ አማኸው። ዘንድሮ ልጄን እንዳላይ ከለከለኝ ትለኛለህ፤ ከሰኔ እስከዛሬ አንድ ክፉ ቃል ከአፍህ አልወጣም። ሣሩን ብቻ ነው የምትራገመው።"

ስልኩን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ያ ሰውዬ አልከለከለህም" አለች።

የምላት ነገር ፈለግኩ። የሸምሳ ኮቴ፣ ጭቃው፣ ሮደሱ። ሁሉም አፌ ድረስ መጡና አንዳቸውም አልወጡም። "ሐምሌ ላይ ሂድ ብሎኝ ነበር" አልኩ። "አሁንም ፈርሞልኛል። ትኬት አለኝ። ለኦክቶበር ሃያ። ለጥቅምት ዐሥር።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። የስድብ ልምድ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ የምትለውን ሁሉ በልቤ አዘጋጀሁላት፤ እሷ ግን "እኔን ነው የጠላኸው?" አለችኝ። ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ ይህን ስታስብ ነው የከረመችው። እኔ ከሣር ጋር ስቀልድ እሷ በየማታው ይህን ይዛ ትተኛ ነበር።

"አይደለም" አልኩ። "ልጅቷን ነው የምፈራው። ገብቼ ሰዳም ጀርባ ብትደበቅስ? ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ እያየ? ሦስት ዓመት ከምናምን ለእሷ ብዬ ነው እዚህ የተቀቀልኩት፤ እሷ ደግሞ ማን ነው ይሄ ብትል ምን እላታለሁ? እዚህ ሆኜ አባቷ ነኝ። እዚያ ስደርስ ላልሆን እችላለሁ።"

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም። ራቢያ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ ሳታሰማ ነው፣ ግን ታለቅስ ነበር። "ትደበቃለች" አለች። "አልዋሽህም፤ እውነቱን ነው የምነግርህ። መጀመሪያ ትደበቃለች። ጥር ብትመጣም ትደበቃለች፤ የዛሬ ዓመት ብትመጣ ደግሞ ይብሳል። አንተ ሰው፣ ና።"

ኔትወርኩ ቆረጠ። ያ ኔትወርክ ሐርቡ ላይ ተተክሎ አንድ ጊዜ እንኳ በሰዓቱ ሠርቶ አያውቅም፤ ዛሬ ብቻ በሰዓቱ ተቋረጠ።

መስከረም 18

የሮቶውን ሥር ቆፈርኩ። መኮንን ሳልጠራው አካፋ ይዞ መጣ። ጎጃሜ ምንም ሳይል ሲቀር ያስፈራል።

መስከረም 26

ሙሸይሪብ የግንባታው አጥር አጠገብ ያሉት ሱቆች ጫማ ልገዛ ወረድኩ። ሻጩ "ቁጥሯ ስንት ነው?" አለኝ። አላውቅም። "ዕድሜዋስ?" እሱን አውቃለሁ። "ወፍራም ናት ቀጭን?" ቆርቆሮውን ቢጠይቀኝ መልስ ነበረኝ። ተከታታይ ሦስት ቁጥር ገዛሁ፤ ሁሉም ቀይ። ሻጩ ሦስት ልጅ ያለኝ መሰለውና ማሻአላህ አለኝ። እኔም አሚን አልኩ።

ጥቅምት 8

ለመኮንን ሸምሳ ኮቴዋን እንድታስነካው አስለመድኳት። በመጀመሪያው ቀን ነው ያነሳችለት። ከእኔ በቀር አታስነካም የተባለችው ባዝራ፣ በአንድ ቁራጭ ካሮት። ምክንያቶቼ እንዲህ አንድ በአንድ እየተራገፉ ነው።

ባባ ለሐናን አሻንጉሊት ፈረስ ሰጠኝ። ሜዳውን ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም።

ጥቅምት 10፣ አውሮፕላን ማረፊያ

ወረቀቱን የሚያየው ሰው ገጹን ገለበጠ፣ እኔን አየ፣ ማኅተሙን መታ። ያ ሁሉ ክረምት የፈራሁት ነገር ይኸው ነው፤ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። አሁን ያለሁት መሳፈሪያው በር አጠገብ ነው። መኮንን ሲሸኘኝ አቀፈኝና "ሣሩን አደራ በለኝ እንጂ" አለኝ። አላልኩትም።

ራቢያ ደወለች። ነገ ሰዳም ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ይቀበልሃል አለች። ከዚያ በስልኩ ላይ ትንሽ ትርምስ ሆነና የሐናን ግንባር፣ ቀጥሎ አንድ ዐይኗ ብቻ ታየኝ። ስልኩን ፊቷ ላይ ለጥፋዋለች።

"እማ ፈሪ ነህ አለች" አለችኝ።

እኔን ብላ ያወራችው የመጀመሪያ ነገር ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ሰምተው ፈገግ አሉ። ቀልድ ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣም።

"እውነቷን ነው" አልኳት።

አሰበች። "እኔ ውሻ እፈራለሁ።"

"ውሻ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እማን እይዛታለሁ" አለች። "አንተም ያዛት።"